ቀለም ቆጣሪዋ

ሠላሳ አራት ዓመት መርከብ የበየድኩ፣
በግዲኒያ ወደብ ከብረት ጋር የነደድኩ፣
እኔ ዜኖን ዛሬ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ፣
ጥፍር የምታህል ነጥብ አስጎነበሰችኝ።

ዕቃው በፖስታ መጣ፣ በካርቶን ታሽጎ፣
አንድ አሮጌ ማጉያ፣ ብልት በብልት ተደርጎ፤
ከስድሳ ዓመት በፊት የሬዲዮ ጣቢያ ሰው
ሹክ ሲል የሚያነሣው፣ ድምፁን የሚያገዝፈው፣
ያ ግራጫ ሳጥን ዳግም እንዲወለድ
ከእኔ የሚጠበቅ ማንበብ ነው፣ መበየድ።

መበየዱንስ ተዉት፣ እጄ ያውቀዋል፤
ማንበቡ ነው ጣጣው፣ ዓይኔ ይዋሸኛል።
ሬዚስተር የሚሉት የሩዝ ፍሬ አካል
ዋጋውን በቀለም፣ በቀለበት ይጽፋል፤
ቀይና አረንጓዴ ለእኔ መንታ ናቸው፤
ቡኒም ሦስተኛ ሆኖ ገብቷል ከመሃላቸው።
ቀለም የቆጠረ የተማረ ከሆነ፣
የእኔ መሃይምነት በዚህ ተመዘነ።

ከታች፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኢጋ አለች፣ የአሥር ዓመት፣
አፏን የማትከፍት፣ እንደ ታሸገ ቤት።
አስተማሪዋ "ምን አልሽ?" ሲል ከረመና ተወው፤
ዝምታዋን ራሱን እንደ መልስ ቆጠረው።
"ቀለም አትስትም፣ ትርዳዎት" አለች እናቷ፣ ደረጃ ላይ ቆማ፣
ለማን እንዳዘነች ሳልለይ፣ ለእኔ ይሁን ለእሷማ።

መጣች።
አገጯን ከመብራቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣
አንዷን ፍሬ በወረንጦ ወደ ዓይኗ ገፋ፣
"ቡኒ… ጥቁር… ቢጫ… ወርቃማ" ትለኛለች፤
ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከከንፈሯ ታወጣለች።
የእኔን ጆሮ ደግሞ ግማሹን መዶሻ በልቶታል፤
የቀረው ግማሽ ለምኖ፣ ተቅለስልሶ ይሰማል።
"ምን አልሽ?" አልልም። ያችን ቃል ጠግባለች፤
ብደግማት፣ ፈራሁ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ትገባለች።
የሰማሁትን ጽፌ፣ ያልሰማሁትን ገምቼ፣
መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ እዚያው ረስቼ…

የካቲት እንዲህ አለቀ። ከባልቲክ የሚነሣ ነፋስ
መስኮቱን ሲገፋ፣ ሲያስል፣ ሲመለስ፣
ትራንስፎርመሩን አሰርነው፣ እንደ ጡብ የከበደ፤
ጠረጴዛው አንድ ቦታ፣ በእኔ ጥፋት፣ ነደደ።
ያን ጠባሳ ኢጋ በጣቷ ዳሰሰችና ሳቀች፤
ሳቋም ድምፅ አልነበረው፤ ትከሻዋን ነቀነቀች።

ማብሪያውን ስጫን፣
ቀይ ይሁን አረንጓዴ፣ አንዲት መብራት በራች።
"አንድ፣ ሁለት" አልኩ።
የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም፤
ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንከባለል ጠጠር፣
የታነቀ ቁራ።

ሦስት ማታ ፈለግኩ። ሽቦ ፈታሁ፣ አሰርኩ።
በአራተኛው ኢጋ ወረቀቴን ከሰሌዳው አስተያየች፣
ጣቷን ቀሰረች፦
"ቀይ አላልኩም! ቡኒ ነው ያልኩህ! ቡኒ!"

"አንተ" አለችኝ። አንቱታው ደረጃ ላይ ቀረ።
ታች ቤት ያለው ውሻ ጩኸቷን ሰምቶ መለሰ።
እሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔም፣
"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት፣ "አልሰማሁሽም"፤
ለሰው ይህን ቃል ከዚያ በፊት ብዬ አላውቅም።

ቦታ የተለዋወጡትን ሁለቱን ነቅለን መለስናቸው።
ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ።
"ምን ልበል?" አለች፣ እንደ ወትሮዋ በትንፋሽ።
"የምታውቂውን።"
"ቡኒ… ጥቁር… ቢጫ…"

የከንፈሯን መላቀቅ ሰማሁ፣ ምራቋን ስትውጥ፣
አፍንጫዋ ውስጥ የከረመውን ጉንፋን፣
ከ"ቢጫ" በፊት ያለችውን ትንሽ ማመንታት፣
ከኋላዋ መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ኋላ ወደቡን።
አልጮኸችም። ማጉያው ያልነበረ አልጨመረባት።

አሁን አንድ ነገር፣ ለእናቷ እንዳይነገር፦
መሳቢያዬ ውስጥ መለኪያ ነበር፣
አዲስ ባትሪ ያለው፣ ቀለም ሳይጠይቅ
የፍሬዋን ዋጋ በቁጥር የሚናገር።
የመጀመሪያው ቀን ላወጣው እጄን ሰድጄ
"ቡኒ" ስትል ሰማሁ። መልሼ ዘጋሁ፣ በገዛ እጄ።

ሁለተኛ ካርቶን አዝዣለሁ፣ ሰኞ ይገባል።
ለአንድ ማይክሮፎን ሁለት ማጉያ ምን ያደርጋል?